ከጀልባ ወርዶ በእግር፦ የጣና ደሴቶችና የእንፍራንዝ ዳርቻ የጉዞ መመሪያ

በጣና ሐይቅ ላይ የሚደረግ የጀልባ ጉዞ ግማሹ የእግር ጉዞ ነው። ጀልባው ተጓዡን ከማረፊያው ያደርሰዋል፤ ገዳሙ፣ ጫካው፣ ወፉና ጦጣው የሚገኙት ግን ከማረፊያው ወደ ውስጥ በሚገባው የእግር መንገድ ላይ ነው። ከባሕር ዳር የሚነሣ ጎብኚ ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀን አራት አምስት ገዳም ለማዳረስ ይሞክራል። ያኔ ቀኑ የሚያልፈው ከጀልባ በመውረድና በመሳፈር፣ መግቢያ በመክፈልና ሥዕል በችኮላ በመቃኘት ነው። የሚሻለው ለአንድ ቀን ሁለት ማረፊያ ብቻ መርጦ፣ ከሁለቱ በአንደኛው ረዘም ያለ መንገድ በእግር መሄድ ነው። በእንፍራንዝና በፎገራ በኩል ያለው ምሥራቃዊ ዳርቻ ደግሞ በጀልባ የሚደረስበት አይደለም፤ ከየብስ በኩል በመኪናና በእግር ስለሚታይ የራሱን ቀን ይፈልጋል።

ወቅትና ሰዓት

ጣና ወደ 1,800 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የተንጣለለ፣ ስፋቱ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚደርስ፣ ጥልቀቱ ግን 15 ሜትር የማይሞላ ሐይቅ ነው። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውኃ ነፋስ ሲነካው ፈጥኖ ይናወጣል። ጠዋት ሐይቁ አብዛኛውን ጊዜ የረጋ ነው፤ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ይበረታል፣ ትንንሽ ጀልባዎችም መንገላታት ይጀምራሉ። ስለዚህ ከባሕር ዳር መነሻው ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ቢሆን፣ መመለሻውም ከ9 ሰዓት ባያልፍ ጥሩ ነው። የጠዋቱ ሰዓት ለእንስሳትም ይስማማል። ፀሐይ ሳትከርር ወፎች ይንቀሳቀሳሉ፣ ይጮኻሉ፤ ረፋዱ ላይ ግን ወደ ጥላ ይገባሉ።

ከወራቱ ኅዳርና ታኅሣሥ የሚስተካከላቸው የለም። ዝናቡ አልፏል፣ ሐይቁ ገና ሙሉ ነው፣ መንገዱ ደርቋል፣ ከአውሮፓና ከእስያ ክረምቱን ሸሽተው የሚመጡ ወፎችም በዳርቻው ሰፍረዋል። እነዚህ እንግዶች እስከ የካቲት ድረስ ይቆያሉ። ከመጋቢት በኋላ ሙቀቱ ይበረታል፣ አየሩ በአቧራና በጭጋግ ይደበዝዛል፣ ውኃውም ስለሚሸሽ በአንዳንድ ማረፊያዎች ጭቃ ረግጦ መውረድ ግድ ይሆናል። ሐምሌና ነሐሴ ለዚህ ዓይነት ጉዞ አይመከሩም፤ ከሰዓት በኋላ መብረቅ የቀላቀለ ዝናብ በሐይቁ መካከል ሊያገኝ ይችላል።

የቤተ ክርስቲያን የቀን መቁጠሪያም መታየት አለበት። በጾም ወራት የሥራ ቀናት ቅዳሴው የሚገባው ወደ ቀትር ገደማ ነው፤ እሑድና በበዓላት ግን ጠዋት ነው። ቅዳሴ ላይ የደረሰ ጎብኚ ሥርዓቱ እስኪያልቅ ውጭ መቆየት ስለሚኖርበት፣ የጫካውን መንገድ አስቀድሞ ገዳሙን በኋላ ማየት ሰዓት ያተርፋል። በየካቲት 16 የኪዳነ ምሕረት ክብረ በዓል የዘጌ ልሳነ ምድር በምእመናን ስለሚጥለቀለቅ፣ ዕለቱ ለበዓሉ እንጂ ወፍ ለመመልከት የሚመረጥ አይደለም።

ከጀልባ በፊት

ከሁሉ በፊት መጣራት ያለበት የአካባቢው ሰላም ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት የመኪናውንም የጀልባውንም እንቅስቃሴ በየጊዜው አስተጓጉሏል። በዋዜማው ከባሕር ዳር የባህልና ቱሪዝም ቢሮ፣ ካረፉበት ሆቴልና ከባለ ጀልባው ተጠይቆ መልሱ አንድ ካልሆነ ጉዞውን ማዘግየት ይገባል። መታወቂያ ከእጅ መለየት የለበትም።

ቀጥሎ የጀልባው ስምምነት ይመጣል። በባሕር ዳር ዳርቻ ጀልባ የሚያከራዩ ማኅበራትና ሆቴሎች አሉ። ዋጋው የሚወሰነው በርቀቱ፣ በሞተሩ ጉልበትና በቆይታው ሰዓት ስለሆነ፣ የትኞቹ ማረፊያዎች እንደሚካተቱ፣ ጀልባው በእያንዳንዱ ስንት ሰዓት እንደሚጠብቅ፣ የነዳጅና የአስጎብኚ ክፍያ ውስጡ ይኑር አይኑር ከመሳፈር በፊት በግልጽ መነገር አለበት። የየገዳሙ መግቢያ ብቻውን ነው፤ በየቦታው ለየብቻ ይከፈላል፣ ደረሰኝም ይጠየቅበታል። ዝርዝር ብር በብዛት መያዝ ይበጃል፤ በደሴት ላይ ትልቅ ኖት የሚመነዝር ማግኘት ይከብዳልና።

ጀልባው ውስጥ በተሳፋሪው ቁጥር ልክ ላይፍ ጃኬት መኖሩ በዓይን ታይቶ፣ ከመነሣት በፊት ይለበሳል። መቀመጫ ሥር ተጠቅልሎ የተቀመጠ ጃኬት ማዕበል ሲነሣ አያድንም። መጠባበቂያ ነዳጅ፣ መቅዘፊያና የሚሠራ ስልክ መኖሩንም መጠየቅ አያሳፍርም፤ ደንበኛ ባለ ጀልባ በዚህ ጥያቄ አይቀየምም።

ከኪራይ ጀልባ ሌላ የሕዝብ ማመላለሻ መርከብም አለ። ጣናነሽ በሚል ስም የምትታወቀው መርከብ ለረጅም ዘመን ከባሕር ዳር ተነሥታ በዘጌ፣ በደቅ፣ በቁንዝላና በደልጊ በኩል እስከ ጎርጎራ ሕዝብና ዕቃ ስታመላልስ ኖራለች። ሰሌዳው ስለሚለዋወጥ ከወደቡ መጠየቅ ያስፈልጋል። በመርከብ የሄደ ተጓዥ በየማረፊያው የፈለገውን ያህል መቆየት ስለማይችል፣ መርከቡ የሚስማማው ገዳማትን ለመጎብኘት ሳይሆን ሐይቁን ከዳር እስከ ዳር ለማቋረጥና ከአገሬው ሰው ጋር ለመጨዋወት ነው።

የዘጌ የእግር መንገድ

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው ከሁሉም ማረፊያዎች ዘጌ ይመረጣል። ዘጌ በእርግጥ ደሴት አይደለም፤ ከምዕራቡ የብስ ወደ ሐይቁ የገባ ልሳነ ምድር ነው። በጀልባ ከባሕር ዳር አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ፈጣን ሞተር ያሳጥረዋል። ልዩ የሚያደርገው ጫካው ነው። በጣና ዙሪያ አብዛኛው መሬት ታርሶ ሲያልቅ ዘጌ በዛፍ እንደተሸፈነ የቀረው፣ ሕዝቡ በጥንት ሃይማኖታዊ ሕግ ማረስንና ከብት ማርባትን ትቶ በቡና፣ በጌሾና በሎሚ ስለኖረ ነው። ትውፊቱ ሕጉን በ14ኛው ክፍለ ዘመን ከነበሩት ከአቡነ በትረ ማርያም ጋር ያያይዘዋል፤ ሦስቱ ተክሎችም ከጻድቁ በትር ስብርባሪዎች እንደ በቀሉ ይነገራል። ቡና ጥላ ይፈልጋል፤ ጥላው ከትላልቆቹ ዛፎች ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ቡናው እስካለ ድረስ ዋንዛውና ብሳናውም አይቆረጥም። ማንኛውም አስጎብኚ የሥዕሎቹን ታሪክ ይነግራል፤ ይህን የጫካውን ምሥጢር ግን ካልተጠየቀ የሚያነሣው ጥቂቱ ነው።

በተለመደው ጉብኝት ጀልባው በኡራ ኪዳነ ምሕረት በኩል ያወርዳል፣ ሰዉ በድንጋያማው ዳገት ከሩብ ሰዓት እስከ ሃያ ደቂቃ ያህል ወጥቶ፣ ገዳሙን አይቶ በዚያው ይመለሳል። መንገዱ ግራና ቀኝ የመታሰቢያ ዕቃ ሻጮች የተደረደሩበት ስለሆነ እንስሳ ለማየት አይመችም። የተሻለው ከባለ ጀልባው ጋር በኡራ በኩል ወርዶ በአፋፍ በኩል ለመሳፈር መስማማት ነው። አፋፍ የልሳነ ምድሩ ትንሽ ከተማ ናት፤ ጀልባ ይደርስባታል። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ቡና በቡና የሆነ ጫካ ያቋርጣል። እየቆሙ፣ እያዩ፣ በመንገድ ያሉትን ገዳማት እየተሳለሙ ሲኬድ ግማሽ ቀን ይሞላል። አዝዋ ማርያም፣ መሐል ዘጌ ጊዮርጊስና በትረ ማርያም ሁሉም በዚሁ ምድር ላይ ስለሆኑ፣ የቱ እንደሚታይ አስቀድሞ ከአስጎብኚው ጋር ይወሰናል።

የዘጌ ልጅ የሆነ አስጎብኚ መያዝ ግዴታ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። መንገዱ በየቡና ማሳው ሥር ይበታተናል፤ ምልክትም የለውም። ማሳው ደግሞ የሰው ነው፤ አብሮ የሚሄደው የአካባቢው ሰው ከሆነ ባለቤቱ ሰላምታ ሰጥቶ ያሳልፋል። ቡድኑ ከስድስት ሰባት ሰው ሲበልጥ ለሁለት መከፈል አለበት፤ አለዚያ ከኋላ ያለው ሳያየው ወፉ ይበራል።

በጫካው ውስጥ ጆሮ ከዓይን ይቀድማል። ከላይ እንደ አህያ የሚያናፋ ድምፅና የከባድ ክንፍ ሹክሹክታ ሲሰማ፣ ምንቃሩ ላይ ቀንድ የሚመስል ቆብ የጫነው ሆርንቢል የተባለው ትልቅ ወፍ እያለፈ ነው፤ ሾላው ፍሬ ባፈራበት አካባቢ መቆም ያሳየዋል። ሶሪት በቅርንጫፍ ላይ እንደ ሽኮኮ ትሮጣለች፤ አረንጓዴ ስለሆነች ቅጠል ትመስላለች፣ ክንፏን ስትዘረጋ ግን ቀዩ ይገለጣል። ጅራቱ ከአካሉ የሚረዝመው ዝንብ አዳኙ ትንሽ ወፍ በዝቅተኛው ቁጥቋጦ ይገኛል። ጦጣዎች በማረፊያዎቹና በሻይ ቤቶች አካባቢ ይዘዋወራሉ፤ ሙዝና ዳቦ የለመዱት ከእጅ መንጠቅ ስለጀመሩ ምግብ መስጠት የለባቸውም፣ ቦርሳም ይዘጋል። ከውኃው ዳር በድንጋይ ላይ ፀሐይ የምትሞቀው ትልቅ እንሽላሊት አርጃኖ ናት፤ ካልተጠጓት አትጎዳም።

በገዳም ቅጥር

ከገዳሙ በር ላይ መነኮሳትን በትሕትና እጅ ነሥቶ፣ አባ እንደምን አደሩ ብሎ፣ መስቀል ተሳልሞ መግባት ወጉ ነው። ጫማ በደጀ ሰላሙ ሳይሆን በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ይወልቃል፤ ወለሉ ቁንጫ ሊኖረው ስለሚችል ካልሲ ማድረግ ክልክል አይደለም። ሴቶች ረዘም ያለ ቀሚስና ነጠላ ይይዛሉ፤ ወንዶች ቁምጣ አይለብሱም። ሥዕሎቹ ያሉት በመቅደሱ አራት ማዕዘን ግድግዳ ላይ ነው። ብልጭታ ያለው ፎቶ ቀለሙን ይጎዳል፤ ቪዲዮ በሚቀረጽበት ጊዜ ተጨማሪ ክፍያ የሚጠይቁ ገዳማትም አሉ። ዕቃ ቤቱን የሚያሳዩት አባት ብራና ሲገልጡ እጅ ወደ ገጹ አይሰድዱም።

ሴቶች የማይገቡባቸው ገዳማት መኖራቸው በዋዜማው መታወቅ አለበት። ክብራን ገብርኤል፣ ዳጋ እስጢፋኖስና ጣና ቂርቆስ የወንዶች ናቸው። የተቀላቀለ ቡድን ወደ ክብራን ሲሄድ ሴቶቹን በአጠገቡ ባለው እንጦስ ኢየሱስ ማውረድ የተለመደ መፍትሔ ነው። ወደ ሩቆቹ ደሴቶች ለሚሄድ ግን ናርጋ ሥላሴ ይሻላል፤ ለሁሉም ክፍት ነው።

ሩቆቹ ደሴቶች

ደቅ፣ ዳጋና ናርጋ በአንድ ቀን ይጣመራሉ፤ ከባሕር ዳር በጀልባ ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ስለሚወስዱ ንጋት ላይ መነሣት ግድ ነው። ዳጋ ከውኃው ቀጥ ብሎ የወጣ ኮረብታ ነው፤ መውጣቱ ያስተነፍሳል። በዕቃ ቤቱ የዐፄ ይኩኖ አምላክ፣ የዐፄ ዳዊት፣ የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ፣ የዐፄ ዘድንግልና የዐፄ ፋሲል አፅም እንደሚገኝ ይታመናል። ናርጋን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው፤ በድንግል ማርያም እግር ሥር ተደፍተው የሚታዩበት ሥዕል እዚያው አለ። ደቅ ትልቁ ደሴት ሲሆን ገበሬ የሚኖርበትና የሚታረስ ስለሆነ፣ ሜዳማ የእግር መንገድ ለሚመርጥ ይመቻል።

ጊዜ ያጠረው ሰው ደግሞ ከዓባይ መውጫ አጠገብ ባለችው ደብረ ማርያም ላይ ወርዶ አንድ ሰዓት መዞር ይችላል። ጉማሬ የሚታየው በዚሁ በመውጫው አካባቢ ነው፤ ለጉማሬ ተብሎ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

ርቀትን መጠበቅ

በኢኳዶር ጋላፓጎስ ደሴቶች ከመርከብ የሚወርድ ቱሪስት ፈቃድ ካለው አስጎብኚ ውጭ በአብዛኞቹ የጥብቁ ሥፍራ ክፍሎች አይንቀሳቀስም፤ ከእንስሳትም ቢያንስ ሁለት ሜትር እንዲርቅ በሕግ ይገደዳል። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ቢመዘገብም በየማረፊያው እንዲህ ያለ ተቆጣጣሪ አይቆምም። ስለዚህ ሕጉን ተጓዡና አስጎብኚው በራሳቸው ይይዛሉ። ሁለት ሜትር ለጦጣ ይበቃል፤ ለጉማሬ ግን አይበቃም። ጉማሬ በውኃ ውስጥ ጭንቅላቱ ብቻ ሲታይ የተኛ ይመስላል፤ ጀልባ ሲጠጋው ከሥር ሊገለብጥ ይችላል። ባለ ጀልባው ሞተሩን ቀንሶ በሩቁ ይዙር፤ ቅረብ ብሎ ጉርሻ የሚያቀርብለት ተሳፋሪ አደጋውን እየገዛ ነው። በየብስ ላይ ደግሞ በጉማሬና በውኃው መካከል መቆም ፈጽሞ አይገባም፤ ሲመሽና ሲነጋ ለግጦሽ በሚወጣባቸው የሣር ጥርጊያዎችም አይኬድም። አዞን በተመለከተ ሥጋት አያስፈልግም፤ በሐይቁ ውስጥ የለም።

ጣና ዋና የሚዋኝበት ቦታ አይደለም። ዳርቻው ላይ የብልሃርዚያ ትል ስላለ በባዶ እግር ውኃ ውስጥ መግባት አይገባም፤ ጀልባው ከጭቃ ላይ ሲቆም ውኃ የማያስገባ ጫማ ያስፈልጋል። የወባ ትንኝ በተለይ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ይበዛል፤ ማደሪያው አጎበር እንዲኖረው፣ ሲመሽም እጅጌ ረጅም ልብስ እንዲለበስ ይመከራል። በዚህ ከፍታ ነፋሱ ስለሚያቀዘቅዝ ፀሐዩ አይታወቅም፤ ኮፍያ የሌለው ተጓዥ ማታ ፊቱ ሲቃጠል ነው የሚያውቀው።

የእንፍራንዝ ቀን

እንፍራንዝ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ ከአዲስ ዘመን ቀጥላ የምትገኝ ከተማ ናት። ሐይቁ ከምዕራቧ ነው፤ በመካከሉ ግን ጠፍጣፋ ሜዳ አለ። ከዚህ ዳርቻ በጀልባ መነሣት የማይመከርበት ምክንያት ሁለት ነው፤ ውኃው ከዳር ርቆም ጥልቀት የለውም፣ ያለውንም እምቦጭ ይሸፍነዋል። ይህ አረም በ2004 ዓ.ም. ገደማ በሰሜኑ ዳርቻ ታይቶ ከደምቢያ እስከ ፎገራ ያለውን ምሥራቃዊ ዳር ወርሶታል። ክረምቱ እንዳለፈ ገበሬው በዘመቻ በእጁ ሲነቅለው ይታያል፤ ጀልባ የገባበት ከሆነ ደግሞ ሞተሩን ጠምጥሞ ያቆመዋል።

ቀኑ የሚጀመረው በፎገራ ሜዳ ነው። ርብና ጉማራ ወንዞች ክረምት ላይ ሞልተው የሚያጥለቀልቁት ይህ ሜዳ በፎገራ ከብትና በሩዝ ይታወቃል። ወለላና ሸሸር የተባሉት ረግረጋማ ኩሬዎች በእርሻና በመስኖ ምክንያት እየጠበቡ ቢመጡም፣ ውኃ ባለባቸው ወራት ዳክዬ፣ ዝይ፣ ሽመላና ፔሊካን ይሰበሰብባቸዋል። ዋናዎቹ ግን ክሬን የሚባሉት ባለ ረጃጅም እግር ወፎች ናቸው። ግራጫዎቹ ከሰሜን አገሮች መጥተው ከኅዳር እስከ የካቲት በሺዎች ይሰፍራሉ፤ በራሳቸው ላይ ወርቃማ ዘውድ ያላቸው ጥቁሮቹ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ነዋሪ ናቸው። ሌሊት ውኃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ፤ ፀሐይ ስትወጣ በቡድን በቡድን ሆነው የተሰበሰበው የሩዝ፣ የሽምብራና የጓያ ማሳ ላይ እህል ለመልቀም ይበተናሉ። ስለዚህ ወደ ሜዳው የሚደረሰው ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት ነው።

አፈሩ ዋልካ ነው። ዝናብ ከነካው ጫማ እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል፤ ሲደርቅ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ጠንካራ ጫማና ዘንግ ያስፈልጋሉ። በሰብል መሐል ማቋረጥ ነውር ነው፤ በድንበሩና በቦዩ ዳር ይኬዳል። ለሚሠራ ገበሬ ያበርታችሁ ተብሎ ወፎቹ ዛሬ የት እንዳረፉ ቢጠየቅ፣ ሰብሉን ከእነሱ ሲጠብቅ የሚውል ሰው ስለሆነ ከማንም አስጎብኚ ይልቅ ያውቃል። ወፎቹ አንገታቸውን ቀና አድርገው መመልከት ሲጀምሩ መቆም ያስፈልጋል፤ ከዚያ በላይ መቅረብ ማስነሣት ነው። የተነሣ መንጋ ሲበላ የሚውልበትን ሰዓት በበረራ ያባክናል። አቅርቦ ማያ መነጽር ለዚህ ቀን ከካሜራ ይበልጣል።

ረፋዱ ላይ ወፎቹ ሲበታተኑ ወደ ጉዛራ ይወጣል። የጉዛራ ቤተ መንግሥት ከእንፍራንዝ አጠገብ በኮረብታ አናት ላይ ያለ፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን እንደ ተሠራ የሚነገርለት የድንጋይና የኖራ ግንብ ነው። ከጎንደሩ የፋሲል ግንብ በፊት የተሠራ በመሆኑ የዚያ አሠራር ጅማሬ ተደርጎ ይቆጠራል። ዳገቱ አጭር ነው፤ ልጆች ይከተላሉ፣ መንገዱንም ያሳያሉ። ከላይ ሲታይ የፎገራና የደምቢያ ሜዳ፣ ከዚያ ወዲያ ሐይቁ ተዘርግቶ ይገኛል። ከቀትር በፊት መድረስ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ካዘነበለች በኋላ ዓይን ትወጋለች፣ ውኃውም ነጭ ብርሃን ብቻ ይሆናል። ግንቡ ያረጀ ስለሆነ በግድግዳው ላይ መውጣትና ከላላ ድንጋይ ሥር መቆም አይገባም።

ወደ 11 ሰዓት ገደማ ክሬኖቹ ወደ ማደሪያቸው ስለሚመለሱ፣ አቅሙ ያለው ከጉዛራ ወርዶ ወደ ሜዳው ዳግም መሄድ ይችላል። ይህን የሚያደርግ ግን መኪናውን አስፋልቱ አጠገብ አቁሞ፣ ከሜዳው መውጫውን በቀን ብርሃን አይቶ መያዝ አለበት። ማታ በመንገዱ ላይ ከብትና ጋሪ ስለሚበዛ የሌሊት ጉዞ አይመከርም። ከእንፍራንዝ ወደ ሰሜን ጎንደር ከባሕር ዳር ይልቅ ቅርብ ስለሆነ፣ ለዚህ ቀን የምሽቱን ማደሪያ ጎንደር ማድረግ ነው የሚያዋጣው።